የአሥር ሰዓቱ ብርሃን

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ዲላ

የጠዋት ቆጠራ። ፋኖስ አሥራ አራት። የፋኖስ ብርጭቆ ሠላሳ አንድ፣ ሁለቱ የተሰነጠቁ። ማሾ መብራት ሦስት። የባትሪ ድንጋይ አምስት ደርዘን፤ ግማሹ የቆየ ስለሆነ ፊት ላይ ደርድሬዋለሁ። አቡጀዲ አንድ ጣቃ ብቻ፣ እሱም ተነክቷል። ላምባ ከኅብረት ሱቁ እስኪመጣ የለም።

ከነዚፍ ደብዳቤ መጣ። ኡስማን ሹፌሩ አዲስ አበባ ቡና አራግፎ ሲመለስ አመጣልኝ። ታናሽ ወንድሜ እዚያ የፊልም ክፍል ውስጥ ተለማማጅ ሆኖ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ተለማማጆቹ ስድስት ናቸው። እያንዳንዳቸው የአሥር ደቂቃ ፊልም እንዲሠሩ ታዘዋል፤ ከስድስቱ ሁለቱ ተመርጠው ለትምህርት ወደ ውጭ ይላካሉ። ካሜራና መብራቱ በተራ ነው የሚሰጠው። የነዚፍ ተራ ከየካቲት ሰባት እስከ አሥራ ሦስት ነው። ያመለጠው ሰው ሁለተኛ አይደርሰውም። የሚያነሳውን ቀድሞ አስመዝግቧል፤ አባባን ነው።

መልሱን ዛሬውኑ ጻፍኩ። ከዚህ ቤት ቅጂው ሳይቀር ወረቀት አይወጣም፤ አባባ ናቸው ያስተማሩኝ። ቅጂው ይኸው፦

«ለውድ ወንድሜ ለነዚፍ ባህሩዲን፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትክ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደብዳቤህ አሥር ቀን ቆይቶ ነው የደረሰኝ። ኡስማንን አትቀየመው፤ ጎማ ፈንድቶበት ሻሸመኔ ሰንብቷል።

ስለ ፊልም የማውቀው ነገር የለኝም። መብራት ግን አሥራ ሰባት ዓመት ሸጫለሁ። ከሦስቱ ዓይነት አንዱን ብቻ ፈርመህ የምትወስድ ከሆነ የምነግርህ ይህን ነው። ዕቃ አቅራቢው ስለ ኃይሉ ሲያወራልህ አንተ ስለ ዕድሜው ጠይቀው። ባለ አንድ ሺህ ዋቱ ትልቁ መብራት ልብህን እንደወሰደው ከጽሕፈትህ ያስታውቃል። ባልቻን ጠየቅኩልህ፤ ቤታችን መስመር ያስገባውን የመብራት ሠራተኛ። ሳቀብኝ። «እሱን ከሰካሽ የጎረቤት ፍሪጅ ያለቅሳል፣ ቀጥሎ ቆጣሪሽ ይሞታል፣ ቀጥሎ ባልቻ ይጠራል» አለኝ። በባትሪ የሚሠራው ደግሞ ሃያ ደቂቃ ነው የሚበራው ብለሃል። ሃያ ደቂቃ አባባ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ለመቀመጥ አይበቃቸውም።

ስለዚህ ባለ አምስት መቶውን ጥንድ አምፖል ውሰድ። ከአምስት ስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም ያልከው አያስፈራህ። ዕድሜው ያጠረ ዕቃ መለዋወጫ እስካለው ድረስ ዕቃ ነው፤ አራት ትርፍ አምፖል ካልጨመሩልህ አትፈርም። እንደጋለ አታንቀሳቅሰው፤ ውስጡ ያለው ክር የሚበጠሰው ያኔ ነው። ስትመጣም በጥጥ ጠቅልለህ ጭንህ ላይ ያዘው እንጂ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሰው ሻንጣ ጋር እንዳትጭነው። የፋኖስ ብርጭቆ የማመጣው እንዲህ ነው፤ ከመቶው ቢበዛ ሦስት ይሰበርብኛል።

አባባን ነገርኳቸው። «ማታ ነው፣ ቤት ውስጥ?» አሉኝ። አዎ፣ መብራት ይዞ ይመጣል አልኳቸው። «አርባ ዓመት ቡና ስገዛ በመብራት ገዝቼ አላውቅም። በመብራት ሥር ሁሉም ቡና ጥሩ ነው። ፊቴን በመብራት አልሸጥም በይው» አሉ።

እንደ ቀልድ አትውሰደው። አንተም ልጅ ሆነህ አይተሃል፤ ቡና ገዢ ናሙናውን በመዳፉ ይዞ ወደ በር ይወጣል። ፀሐይዋ ውስጥ አይገባም፣ ጥላውም ውስጥ አይቀርም፤ ጠርዙ ላይ ይቆማል። ጥቁሯ ፍሬ የምትለየው እዚያ ነው። አንተም በቀን፣ በረንዳው ላይ፣ በወንበራቸው ላይ አንሳቸው። አምፖሉ ቀኑ ላጎደለው መሙያ ይሁንህ።

አባባ ሰላም ይሉሃል። ሐጂ ረሻድ ሰላም ይሉሃል። ባልቻም ሰላም በይልኝ ብሏል።

እህትህ ረህማ»

የአባባን ሳል አልጻፍኩለትም። ልጽፍ ስል አዩኝና «ሳል ወሬ አይደለም» አሉኝ።

ሰኞ፣ ጥር 2 ቀን

ፋኖስ አሥራ አንድ። ብርጭቆ ሃያ ስድስት። ማሾ ሁለት፤ ሦስተኛውን ለሙከራ ከፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ እንደ አዲስ አይሸጥም። ከነዚፍ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ደርሶኝ ነበር። ዛሬ የመለስኩለት፦

«ለውድ ወንድሜ ነዚፍ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ሳልመልስልህ ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ባለፈው ሳምንት ሱቅ ብዙም አልዋልኩም፤ ምክንያቱ ይቆይ።

ያዘዝከኝን ሙከራ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አደረግኩት። አባባን ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ማሾውን በግራቸው በኩል አቆምኩ። ባልቻ ያዥ ሆነ። የቀኝ ጉንጫቸው ጠፋ። አስተማሪህ ግማሽ ፊት ይጥቆር ካለ እሱን ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ግማሽ አባት አልፈልግም። አቡጀዲውን ዘርግተን በቀኛቸው ስናቆመው የጠፋው ጉንጭ ተመለሰ። በአንድ ክንድ ርቀት ሲሆን በዛ፣ እንደ ዱቄት አደረጋቸው። በሁለት ክንድ ተኩል ልክ ሆነ፤ መጨማደዳቸው ይታያል፣ ግን አያሳዝንም። ርቀቱን በክንድ ስለለካሁት አንተ ስትመጣ በሜትር ትለካዋለህ።

መነጽራቸው ላይ ማሾው ሁለት ሆኖ ታየ። መነጽሩን አውልቁ ስላቸው «ያለ እሱ የሚያነሳኝን ሰው በምን ልየው?» አሉ። ማሾውን ከራሳቸው በላይ አንድ ስንዝር ከፍ ስናደርገው ወጣ። ኮፊያቸው አስቸግሮኝ ነበር፤ ነጭነቱ ከፊታቸው ቀድሞ ዓይን ይስባል። በሻይ ነክሬ አደረቅኩት፣ አሁን ከቆዳቸው ጋር ተስማማ። ይህን አልወደዱትም። «ሐጅ የሄድኩበትን ኮፊያ ሻይ አጠጣሽው» ብለው አኮረፉኝ፤ ግን አደረጉት።

በመካከል «እስቲ ምን ያህል ታወጣለች ይቺ ፊት?» ብለው ባልቻን ጠየቁት። ባልቻ «ያልታጠበ ደረቅ ቡና ነው ሐጂ፣ ሁለተኛ ደረጃ» አላቸው። ሳቁ። ሲስቁ የግራ ዓይናቸው እንደምታውቀው ይጠፋል። ካሜራህን በቀኝ በኩል አድርገው።

ማሾው ፊት ሻሽ ጋርጄ እንድሞክር ጽፈሃል። ብርሃኑ ለሰለሰ፣ ጥሩ ነው። ግን ሻሹ ጠረኑ ሲቀየር ቶሎ አነሳሁት። የአንተ አምፖል ከማሾ ይበልጥ ይግላል፤ ጨርቁን ቢያንስ በአንድ ክንድ አርቀው። ቤት የሚያቃጥል ፊልም አያስፈልገንም።

ስለ አባባ ጤና የጠየቅኸውን አነበብኩላቸው። «ዕቃውን ያሰናዳ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ በይው» ብለዋል።

አባባ ሰላም ይሉሃል። ሐጂ ረሻድና ባልቻ ሰላም ይሉሃል።

እህትህ ረህማ»

የዛሬውን እራት አልነኩትም። ሐኪሙ ሳንባቸው ውስጥ ውሃ አለ ብሏል። መድኃኒት ከይርጋጨፌ የሚመጣ ሰው አምጥቶልኛል።

ለራሴ ማስታወሻ፦ አባባ ከቀትሩ ሶላት በኋላ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ከዚያ ወንበር አይነሱም። ጉልበታቸው አልታጠፍ ካለ ወዲህ የዐስርንም ሶላት እዚያው ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት። ትይዩ ያለው የቆርቆሮ መጋዘን የእሳቸው ነበር። ከስድሳ ሰባት ወዲህ ተወርሶ የቀበሌው እህል ይቀመጥበታል። ሲያዩት ይውላሉ።

ረቡዕ፣ ጥር 11 ቀን

ቆጠራ የለም። ሱቁ ዝግ ነው።

አባባ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ከቀትር ሶላት በኋላ ተቀበሩ። ከፈናቸው የተቆረጠው ለብርሃኑ ዘርግቼው ከነበረው ጣቃ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሌላ አልነበረም።

ሰኞ ዕለት ድምፃቸው ሳይደክም «ነዚፍን አትጥሩት፤ ተራው ያልፈዋል» ብለውኝ ነበር።

ሐጂ ረሻድ ከቀብር ሲመለሱ ለብቻዬ ጠሩኝ። የአባባ የሃምሳ ዓመት ጓደኛ ናቸው፤ ከሥልጤ አገር አብረው በእግራቸው ነው የመጡት። ሦስት ሰው ነገውኑ አዲስ አበባ ሄዶ ንጋት ላይ ለልጁ መርዶውን ይንገረው አሉ። እምቢ አልኩ። አሁን ቢሰማ ያኔውኑ መንገድ ይጀምራል፤ ቢደርስም ባይደርስም አባቱን አያገኛቸውም። እስከ አርባው ሐዘን ተቀምጦ እስኪመለስ ስሙን ከተራው ይሰርዙታል። በየካቲት ሰባት ካሜራውን ተረክቦ እዚህ ይምጣ፤ በማግሥቱ ንጋት ላይ ይነገረው። ያኔ ቢያንስ ዕቃው በእጁ ነው፣ የሚያደርግበትን ራሱ ይወስናል። እንዲህ አልኳቸው።

ሐጂ ረሻድ ጢማቸውን ያዙ። «ሒሳብሽ ልክ ነው። ልጁ አባቱ ተቀብሮ ሳለ እየሳቀ ሊውል ነው፤ እሱን በየትኛው መደብ ጻፍሽው?» አሉኝ።

በደብዳቤ መርዶ እንደማይነገር ሁለታችንም እናውቃለን። ወረቀት አይደግፍም፤ ሰው ሲወድቅ አይዝም። ስለዚህ ኡስማንን ጠርቼ አፉን እንዲይዝ ነገርኩት። «ቢጠይቀኝ ምን ልበለው?» አለኝ። ደብዳቤዬን ለዘበኛቸው ሰጥተህ ተመለስ አልኩት።

ከነዚፍ የመጣ፣ ጥር 17 ቀን የተጻፈ፦

«ለምወድሽ እህቴ ለረህማ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን አላችሁ? አባባ እንዴት ናቸው? ኮፊያውን ይቅርታ አደረጉልሽ? የአቡጀዲውን ነገር ለጓደኞቼ ሳነብላቸው አንዱ በደብተሩ ገለበጠው። አስተማሪያችንም ሰማና ማን ናት አለኝ። መብራት ሻጭ ናት አልኩት።

ነጋዴ ስለሆንሽ እውነቱን ልንገርሽ። ከስድስታችን ሁለቱ የባለሥልጣን ዘመድ አላቸው። እኔ ያለኝ አባባና ያ በረንዳ ናቸው። ይህ ፊልም ካልተሳካ ተለማማጅነቴ በሰኔ ያልቃል፤ ወይ ወደ ሱቅ እመለሳለሁ፣ ወይ ደግሞ ሌሎቹ የዕድሜ እኩዮቼ ወደሚላኩበት ወደ ሰሜን እላካለሁ። ይህን ለአባባ አታንብቢላቸው።

የአባባ ቃል አሸንፎኛል፤ በቀን፣ በረንዳው ላይ ነው የማነሳቸው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ስጪኝ። ከሰባት ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ከመንገዱ ማዶ ቆመሽ ፊታቸውን እይልኝ። ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ የትኛው ጉንጭ እንደሚጠቁር፣ ዓይናቸው ጉድጓድ የሚሆንበትን ሰዓት፣ ጥላው ጠርዝ ይኑረው አይኑረው ጻፊልኝ። የምታዪውን ብቻ። ያንን አቡጀዲም እንዳትሸጪብኝ።

አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ ነዚፍ»

ማክሰኞ፣ ጥር 24 ቀን

ፋኖስ ዘጠኝ። ብርጭቆ ሃያ አንድ። ማሾ ሁለት። አቡጀዲ አዲስ ጣቃ ገባ።

ለነዚፍ መልስ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ሁለቱን ቀደድኳቸው። የመጀመሪያው ውሸት ነበረበት። በሁለተኛው እውነቱ አፈትልኮ ወጥቶ ነበር። ሦስተኛው ላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ የጎደለውን ሚዛን ላይ የሚያወጣው የለም። የላክሁት ይህን ነው፦

«ለውድ ወንድሜ ነዚፍ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረምክ? ያ አቡጀዲ አልቋል። ሌላ ጣቃ ከፍቻለሁ፤ ስድስት ሜትሩ የአንተ ነው፣ አልነካውም።

የጠየቅኸኝን እሑድ ቀኑን ሙሉ አይቼልሃለሁ። የምጽፍልህ በወንበሩ ከፍታ፣ ልክ ፊት በሚሆንበት ቦታ ያየሁትን ነው። ሁለት የዘይት ቆርቆሮ ወንበሩ ላይ ደራርቤ፣ ከላይ ስኒ ደፍቼ፣ ስኒው ላይ እንቁላል አቆምኩ። እንቁላል እንደ ፊት ክብ ነው፣ ጥላውን ያሳያል፣ አያወራም።

በሰባት ሰዓት ብርሃኑ ከመንገዱ አቧራ ተነስቶ ከታች ይመታል። የእንቁላሉ ሥር ነጣ፣ አናቱ ጠቆረ። ሰው በዚህ ሰዓት ቢነሳ ጅን ይመስላል። በስምንት ሰዓት ምንም የለም፤ ከሁሉም በኩል እኩል ነው፣ እንቁላሉ ጠፍጣፋ ሆነ። በዘጠኝ ትንሽ ደመና መጣና ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ ፀሐይዋ ወደ ቤታችን ጀርባ ዞረችና ትይዩ ያለውን የመጋዘን ግድግዳ ያዘች። በአሥር ሰዓት ብርሃኑ ከቆርቆሮው ተመልሶ በግራ በኩል ወደ በረንዳው ገባ። ነዚፍ፣ ሰዓቱ ይህ ነው። የእንቁላሉ ግራ ሞቀ፣ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ ጠቆረ፣ መካከሉ ላይ የሚቆርጥ መስመር የለም። ቡና የሚገዛበት ብርሃን ነው። በሰዓት ያዝኩት፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። በአሥራ አንድ ሰዓት የቤታችን ጥላ የመጋዘኑን ግድግዳ ወጥቶ ሸፈነው፣ አለቀ።

ስለዚህ በቀን ያለህ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። ሦስት ቀን ብታነሳ አንድ ሰዓት ከሩብ። ቀድመህ ተዘጋጅ።

ቀበሌ ሄጄ ነበር። ሊቀመንበሩ የላክህልኝን የፊልም ፈቃድ አይቶ፣ በረንዳውን ማንሳት ይቻላል፣ መጋዘኑ ግን የመንግሥት ንብረት ነውና እንዳይነሳ አለ። ተስማማሁ። ካሜራህ ጀርባውን ለመጋዘኑ ይሰጣል፤ ብርሃኑን ከዚያ እንደምትወስድ አልነገርኩትም።

አምፖሉ ቢጫነት አለው፣ የቀኑ ብርሃን ግን ቢጫ አይደለም፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ አይጣሉብህም? ይህን ጻፍልኝ።

ከቤት ሁሉም ሰላም ይልሃል። ባልቻ ሰላም ይልሃል። ሐጂ ረሻድ ዱዓ እያደረጉልህ ነው።

እህትህ ረህማ»

ሰኞ፣ ጥር 30 ቀን

ፋኖስ ስምንት። ብርጭቆ አሥራ ዘጠኝ። ማሾ ሁለት፤ ያገለገለው ከሁሉ ቀድሞ ተሸጠ፤ ከጨለለቅቱ የመጣ ሰው እየሳቀ ወሰደው።

የአባባን ልብስ ሰደቃ አወጣሁ። ኮፊያውን አስቀርቻለሁ፤ በሻይ የተነከረ ማንም አይፈልገውም። የመስጊዱ ሙአዚን ወገቡን ስለሚያመው ወንበሩ ለእሱ ቢሰጥ አባባ ደስ ይላቸው ነበር አሉ ሐጂ ረሻድ። ልኬቱ ስላለቀ ሰጠሁ። ባልቻ ተሸክሞ ወሰደው። በረንዳው ላይ አራት የእግር ምልክት ቀርቷል፤ ሲሚንቶው እዚያ ጋ ነጭ ነው።

ኡስማን ከአዲስ አበባ ሲመለስ አፍሮ ነበር። ደብዳቤውን ለዘበኛው ሰጥቶ ሊሄድ ሲል ነዚፍ ከኋላው ጠራው። ሻይ ጠጣ አለው። መኪናው አስፋልት ላይ ነው ብሎ ሮጠ። «እኔ ሻይ እምቢ ብዬ አላውቅም፣ እሱም ያውቃል» አለኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 5 ቀን

ከነዚፍ ደረሰኝ። ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦

«ለእህቴ ለረህማ፤

አሰላሙ ዓለይኩም።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የአምፖሉ ቢጫነት ከቀኑ ጋር አይጣላም። ጥንዱን ፈርሜያለሁ። ከአራቱ መለዋወጫ ሁለት ሰጡኝ፤ ተከራክሬ ነው።

ደብዳቤሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ በትክክለኛነትሽ ኮራሁ። ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ላነበው ተነስቼ ነበር፤ መካከል ላይ ተቀመጥኩ። ፊታቸውን እይልኝ አልኩሽ፤ አንቺ እንቁላል አየሽልኝ። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ የዘይት ቆርቆሮ ተቀምጦ ዋለ። አባባ የትኛውን እሑድ ነው ለቆርቆሮ ወንበራቸውን የለቀቁት?

ከዚያ የአቡጀዲውን ነገር እንደገና አነበብኩ። ነጋዴ ተሸጠ ይላል፤ አንቺ ግን አልቋል አልሽ። መጨረሻ ላይ የሰላምታውን ስም ቆጠርኩ። ኡስማንም ሻይ እምቢ አለኝ።

ሌላ አልጠይቅሽም። አንቺም አትጻፊልኝ። በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ስለዚህ በደብዳቤ አልሰማሁም። ተራዬን ለምን እንደጠበቅሽልኝም ገብቶኛል። አሁን ላመሰግንሽ አልችልም፤ አንድ ቀን እችል እንደሆነ አላህ ያውቃል።

ሰኞ ካሜራውን ጠዋት ተረክቤ መንገድ እጀምራለሁ። አመሻሽ ላይ ዲላ እገባለሁ። ቤት አልመጣም፤ ኡስማን ጋ አድራለሁ። ማክሰኞ ንጋት ላይ ሐጂ ረሻድና ሰዎቹ ይምጡ። እንዳልሰማ ሆኜ እሰማቸዋለሁ። የሚይዘኝ ሰው አጠገቤ ይኑር፤ እንዳልሰማ መሆን የምችለው እስኪናገሩ ድረስ ብቻ ይመስለኛል።

የተመዘገበውን ጉዳይ መቀየር አይፈቀድም፤ መቀየርም አልፈልግም። ማክሰኞ በአሥር ሰዓት፣ በሃያ አምስቱ ደቂቃ፣ ወንበሩን አነሳለሁ። አቡጀዲውን በቀኝ በኩል በሁለት ክንድ ተኩል ላይ አቁሚልኝ። ቀኑ ሲያልቅ አምፖሉን ወደ አቡጀዲው አዙሬ ብርሃኑን ከዚያ እመልሰዋለሁ፤ የአሥር ሰዓቱን ትንሽ ላቆየው እችል እንደሆን ልሞክር። አባባ ፊቴን በመብራት አልሸጥም ብለው ነበር። ፊት ላይ አላበራም።

ወንበሩ ከነበረበት እንዳይነቃነቅ።

ነዚፍ»

እሑድ፣ የካቲት 6 ቀን

ፋኖስ ሰባት። ብርጭቆ አሥራ ስድስት። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሁለተኛው አሥራ ሰባት ሆነ። ተውኩት።

ሐጂ ረሻድ ጋ ሄጄ ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ታዲያ ካወቀ ለምን ትሄዳላችሁ አልኳቸው። «ማወቅና መስማት አንድ አይደለም። ያወቀ ሰው ብቻውን ነው፤ የሰማ ሰው ሰው አለው» አሉ። አራት ሆነው ይሄዳሉ። ባልቻም እሄዳለሁ ብሏል። የእኛ ወግ እንደሆነና እሱ የቤተ ክርስቲያን ሰው መሆኑን አስታወስኩት። «ማሾውን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለኝ።

በየትኛው መደብ ጻፍሽው ያሉኝን ዛሬም እያሰላሁ ነው። ያተረፍኩለት ሰባት ቀን ካሜራ ነው። የከፈለው ሃያ ስድስት ቀን ነው፤ መጨረሻውን ደግሞ ብቻውን። እንዲህ ያለ ግብይት ሱቅ ውስጥ ቢገጥመኝ እገባበት እንደነበረ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ብርሃኑ ከቆርቆሮው መጥቶ በአራቱ ነጭ ምልክቶች መካከል ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ከእሑድ ጥር ሃያ ሁለት ወዲህ ወደ ግራ አንድ ስንዝር ያህል ሄዷል። ለነዚፍ መንገር አለብኝ።

ነገ፦ ከባልቻ ፊውዝ መቀበል። አቡጀዲ ስድስት ሜትር መቁረጥ፣ ጠርዙን መቀምቀም። ለሙአዚኑ ሱቅ ውስጥ ያለውን ባለ መደገፊያ ወንበር ይዞ መሄድ፤ የአባባን እስከ እሑድ መዋስ። ከቀትር ሶላት በፊት።